ፍላጻው አየር ላይ እያለ

በ60 ሜትር ላይ የቆመ የአረፋ ዒላማ መሃሉን መምታት ዛሬ ብርቅ አይደለም። ባለ መዘውር ኮምፓውንድ ቀስት፣ ቀጥ ያለ የካርቦን ፍላጻና የሌዘር ርቀት መለኪያ ያለው ሰው ጥቂት ወራት በትጋት ከተለማመደ ፍላጻዎቹን አንድ ሰሃን በማያህል ስፍራ ላይ ያሳርፋል። ዒላማው ግን ጆሮ የለውም፤ እግርም የለውም። በዒላማ ሜዳ የቻለውን ርቀት «የአደን ርቀቴ ይህ ነው» ብሎ ጫካ የሚገባ ሰው ቁስለኛ እንስሳ ሲፈልግ መዋሉ አይቀርም።

ሂሳቡን እንየው። 30 ግራም የሚመዝን ፍላጻ በሰከንድ 80 ሜትር ፍጥነት ከቀስቱ ቢወጣ 20 ሜትር ለመድረስ ሩብ ሰከንድ ይበቃዋል። 60 ሜትር ላይ ለመድረስ ግን አየሩ እየገታው ስለሚሄድ ከሦስት ሩብ ሰከንድ በላይ ይፈጅበታል። የአውታሩ ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ 60 ሜትሩን በ0.18 ሰከንድ ጨርሶ የእንስሳው ጆሮ ላይ ይደርሳል። እንስሳው ሰምቶ ለመደንገጥ ሌላ 0.2 ሰከንድ ቢፈጅበት እንኳ ፍላጻው ሳይደርስ ከሲሶ ሰከንድ በላይ ይተርፈዋል። አጋዘን ሲደነግጥ መጀመሪያ ወደፊት አይዘልም፤ ለመስፈንጠር ጉልበቱን አጥፎ ይሸበረካል። በሲሶ ሰከንድ በነጻ የሚወድቅ አካል ከ50 ሴንቲሜትር በላይ ይወርዳል። እንስሳው የዚህን ግማሽ ብቻ ቢወርድ ሳንባ ላይ ያነጣጠርነው ፍላጻ ከጀርባው በላይ ያልፋል ወይም ከአከርካሪው አጠገብ ሥጋ ውስጥ ይቀራል። በ20 ሜትር ላይ ግን ድምፁን ሰምቶ ከመንቀሳቀሱ በፊት ፍላጻው ደርሷል። ልዩነቱ ይኸው ነው፤ በልምምድ የሚሻሻል ነገር አይደለም።

ቀስቱን ጸጥ ማድረግ ይረዳል። አውታሩ ላይ የጎማ ድምፅ ማብረጃ ማሰር፣ የላሉ ብሎኖችን ማጥበቅ፣ ከበድ ያለ ፍላጻ መጠቀም ጩኸቱን ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም። «እንደሚሸበረክ ስለማውቅ ዝቅ አድርጌ አነጣጥራለሁ» የሚሉ አሉ። ሳይሸበረክ የቀረ ዕለት ሆዱ ሥር ያልፋል ወይም የፊት እግሩን ይሰብራል፤ ይህ ግምት እንጂ ማነጣጠር አይደለም። አንገቱን ቀና አድርጎ፣ ጆሮውን አቁሞ ወደ እናንተ በሚያይ እንስሳ ላይ ከሩቅ አትልቀቁ። በቀስታ የሚራመድም ቢሆን ያው ነው፤ በሰከንድ አንድ ሜትር የሚሄድ እንስሳ ፍላጻው እስኪደርስ 75 ሴንቲሜትር ስለሚርቅ ለሳንባ የተላከው ጨጓራ ላይ ያርፋል።

ከእንስሳው ቀጥሎ የሚያስቸግረው የርቀት ግምት ነው። ከላይ ባለው ፍጥነት በ20 ሜትር ላይ የ3 ሜትር ስህተት ፍላጻውን 5 ሴንቲሜትር ያህል ዝቅ ወይም ከፍ ያደርገዋል። በ60 ሜትር ላይ ያው 3 ሜትር ወደ 15 ሴንቲሜትር ይሆናል። በመካከለኛ አጋዘን ላይ ልብና ሳንባው ያለበት ስፍራ ወርዱ 20 ሴንቲሜትር ገደማ ስለሆነ ከመሃሉ ወደ ዳር ያለው 10 ብቻ ነው። ስለዚህ እንስሳውን ከለካችሁ በኋላ ሦስት እርምጃ ከሄደ እንደገና ለኩ። ሌዘሩ ከፊት ያለ ሣር ወይም ከኋላ ያለ ግንድ መትቶ ሊመለስ ስለሚችል ሁለት ጊዜ መለካት፣ አስቀድሞም በዙሪያው ያሉ ድንጋዮችንና ዛፎችን ለክቶ መያዝ ይበጃል።

በተዳፋት ላይ ፍላጻውን ወደ ታች የሚስበው አግድም ርቀቱ ነው። በ30 ዲግሪ ቁልቁል ወይም ሽቅብ 50 ሜትር የተለካ እንስሳ እንደ 43 ሜትር ይነጣጠራል። ዘንበል ማለት ያለበት ወገብ ነው፤ ክንድ ብቻ ዝቅ ካለ የአወጣጠሩ ቅርጽ ይበላሻል። ተዳፋት ላይ ቀስቱ ሳይታወቅ ወደ ጎን ይጋደላል። በ60 ሜትር ላይ 3 ዲግሪ መጋደል ፍላጻውን በተጋደለበት በኩል 14 ሴንቲሜትር ያህል ይወስደዋል። ማነጣጠሪያው ላይ ያለችው ትንሽ ውሃ ልክ ለዚህ ናት። ውሃ ልኳም ቀስቱ ወደ ታች ወይም ወደ ላይ ሲያነጣጥር ጭምር መስተካከሏ ይፈተሽ፤ ሜዳ ላይ ብቻ የተስተካከለች ገደል አፋፍ ላይ ትዋሻለች።

የሚረሳ ሌላም ነገር አለ። ፍላጻ ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ ቅስት ሠርቶ ነው የሚሄደው። ለ60 ሜትር ሲነጣጠር 30 ሜትር ላይ ከእይታ መስመሩ 70 ሴንቲሜትር ያህል ከፍ ብሎ ያልፋል። እንስሳው ወለል ብሎ እየታየ ፍላጻው ቅርንጫፍ መትቶ የሚሰበረው ለዚህ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፦ የ60 ሜትሩን ፒን (ማነጣጠሪያው ላይ ለየርቀቱ የተቀመጠች ነጥብ) እንስሳው ላይ አድርጋችሁ የ30 ሜትሩ ፒን የት እንዳረፈ እዩ። 30 ሜትር ላይ ያለ ቅርንጫፍ ከዚያ ፒን ጋር ከገጠመ ፍላጻው ይመታዋል።

ስለ ነፋስ ብዙ ማለት ይቻላል፤ ዋናው ግን ርቀቱ እጥፍ ሲሆን የጎን ነፋስ የሚያስተው መጠን ወደ አራት እጥፍ መጠጋቱ ነው። ቅጠል የሚያንኮሻኩሽ ነፋስ ካለ ርቀቱን አሳጥሩ።

አሁን ወደ ዕቃው። ቀስት አምራቾች የሚያስተዋውቁት ፍጥነት አብዛኛውን ጊዜ በ70 ፓውንድ የመሳቢያ ኃይልና አውታሩን 30 ኢንች በመሳብ፣ 350 ግሬን፣ ማለትም 23 ግራም ያህል በሚመዝን ቀላል ፍላጻ የተለካ ነው። ትልቅ እንስሳ ሲታደን ግን ክብደት ያስፈልጋል። ባለ 30 ግራሙ ፍላጻ ከቀስቱ ሲወጣ የሚይዘው ጉልበት 96 ጁል ገደማ ነው፤ ለትልቅ እንስሳ የሚታሰብ የጠመንጃ ጥይት ከ3,000 ጁል በላይ ይይዛል። ፍላጻ በመምታት ኃይሉ አይገድልም፤ ቆርጦ ደም በማፍሰስ ነው የሚገድለው። ለዚህ ነው በአደን ፍላጻ ጫፍ ላይ ያለው ምላጭ ስለት ከሁሉም የሚቀድመው። የክንድ ጸጉር የማይላጭ ምላጭ ይሳል ወይም ይቀየር፤ ልምምድ ላይ አረፋ የቆረጠ ምላጭም ሳይሳል ወደ አደን አይሄድም።

ባለ ምላጩ ጫፍ ምላጭ ከሌለው የልምምድ ጫፍ ጋር አንድ ቦታ ካልመታ ስለ ሩቅ ርቀት ማውራት ከንቱ ነው። ምላጩ ፊት ላይ እንዳለ ክንፍ ነው። ከቀስቱ ትንሽ ተንጋዶ የወጣ ፍላጻ የልምምድ ጫፍ ከሆነ ላባው ያቃናዋል፤ ባለ ምላጭ ከሆነ ግን ወደ ጎን ይነዳዋል። በ40 ሜትር ላይ ሁለቱን እያፈራረቃችሁ ልቀቁ። ባለ ምላጩ ወደ ግራ ከሄደ የፍላጻ ማረፊያውን ወደ ቀኝ፣ ዝቅ ካለ ወደ ላይ አንቀሳቅሱ፤ በአንድ ጊዜ ግማሽ ሚሊሜትር ብቻ። ከዚያ በፊት እያንዳንዱን ፍላጻ በጫፉ አቁማችሁ አሽከርክሩ፤ የሚንቀጠቀጥ ካለ ጫፉ ወይም ግንዱ ቀጥ አይደለምና ለይታችሁ አውጡት። የፍላጻው ሚዛን ወደፊት ያደላ ይሁን፤ 72 ሴንቲሜትር ርዝመት ያለው ከመሃሉ 9 ሴንቲሜትር ወደ ጫፉ ሲል ሚዛኑን የሚጠብቅ ከሆነ ማድላቱ 12.5 በመቶ ነው። ለአደን ከ10 እስከ 15 በመቶ ጥሩ ነው። ሲመታ የሚከፈት ምላጭ በነፋስ ብዙ አይወሰድም፤ ለመከፈት ግን ከፍላጻው ጉልበት ይቀንሳል። ከሩቅ ደግሞ ጉልበቱ ቀድሞውኑ ቀንሷልና ለትልቅ አጥንት ቋሚው ምላጭ ይመረጣል።

የራስን ገደብ ለማወቅ አንድ ሐቀኛ መንገድ አለ። ለ10 ቀን በየጠዋቱ፣ ሳትሟሟቁ፣ የአደን ልብሳችሁን ለብሳችሁ፣ ተንበርክካችሁ፣ በባለ ምላጩ ጫፍ፣ ከመረጣችሁት አንድ ርቀት አንድ ፍላጻ ብቻ ልቀቁ። አሥሩም 20 ሴንቲሜትር ክበብ ውስጥ ካረፉ ያ ርቀት የእናንተ ነው፤ ዘጠኙ ካረፉ አይደለም። ከዚያም ላይ የልብ ምትና የደነገጠ እንስሳ ስላለ ብዙ ሜትር ይቀነሳል። በ80 ሜትር መለማመድ የ35 ሜትሩን ያቀልለዋል፤ የሩቅ ልምምድ ዋና ጥቅሙም ይህ ይመስለኛል። የቀረው ሥራ አድብቶ መጠጋት ነው።

እንስሳው ጎኑን ሰጥቶ ወይም በሰያፍ ፊቱን ከእናንተ ወዲያ አዙሮ ሲቆም ብቻ ነው የሚለቀቀው። ጎኑን ከሰጠ ከፊት እግሩ ጀርባ፣ ከደረቱ ሥር የሰውነቱን ሲሶ ያህል ወደ ላይ አነጣጥሩ። በሰያፍ ከዞረ ፍላጻው በወዲያኛው የፊት እግር በኩል እንዲወጣ አስቡ። ፊት ለፊት የቆመ ከሩቅ አይሞከርም።

ፍላጻው ከተለቀቀ በኋላ እንስሳው የቆመበትንና ለመጨረሻ ጊዜ የታየበትን ቦታ በዛፍ ወይም በድንጋይ ምልክት ያዙ፤ 60 ሜትር ሄደው ሲያዩት ቦታው ሁሉ ይመሳሰላል። መጀመሪያ ፍላጻውን ፈልጉ። አረፋ ያለው ደማቅ ቀይ ደም የሳንባ ነው፤ 30 ደቂቃ ጠብቃችሁ ተከተሉ። ጠቆር ያለ ደም የጉበት ስለሆነ 4 ሰዓት ያህል ይጠበቃል። አረንጓዴ ቅሪትና መጥፎ ሽታ ካለው ጨጓራ ወይም አንጀት ተመትቷልና ከ8 እስከ 12 ሰዓት አትንኩት። ሳይነካ ከቀረ ብዙ ጊዜ በቅርቡ ይተኛል፤ ቶሎ ከተከተላችሁት ግን ተነስቶ ደም ሳያንጠባጥብ ብዙ ይሄዳል። ደሙ ባለበት ሁሉ ወረቀት ወይም ክር እያሰራችሁ ሂዱ፤ ዱካው ሲጠፋ ወደኋላ ዞራችሁ ምልክቶቹን በመስመር ስታዩ የሄደበት አቅጣጫ ይገለጣል።