ስንቅ ለአራት ሐይቆች

ኢሊ ከተማ፣ ፓርኪንግ ላይ ቆሜ፣ በጠዋቱ በርበሬ ከጠርሙስ ወደ ፌስታል እየገለበጥኩ ነበር። ነፋስ አለ። ግማሹ በርበሬ ፌስታሉ ውስጥ ገባ፣ ግማሹ የአክስቴ ልጅ ዓይን ውስጥ።

ነገሩን የሰማነው የመግቢያ ፈቃዳችንን ስንወስድ ነው። ወደ ባውንደሪ ዋተርስ በጠርሙስና በቆርቆሮ የታሸገ ምግብም ሆነ መጠጥ ይዞ መግባት ክልክል ነው። ደንቡ ድሮም ተጽፎ ነበር፤ ያላነበብኩት እኔ ነኝ። አሥራ ምናምን ቆርቆሮ ቱና መኪናው ውስጥ ቀረ።

ለማያውቀው፣ ባውንደሪ ዋተርስ ሰሜን ምሥራቅ ሚኒሶታ ውስጥ፣ ካናዳ ድንበር ላይ ያለ ጥብቅ ጫካ ነው። እኛ ከምንኖርበት ከሚኒያፖሊስ እስከ ኢሊ በመኪና አራት ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ከ1,000 በላይ ሐይቆች አሉት። በ1964 (እ.ኤ.አ.) ተከለለ፣ በ1978 ደግሞ የራሱ ሕግ ወጣለት። ከጥቂት ሐይቆች በስተቀር ሞተር አይገባበትም። አንድ ቡድን ከዘጠኝ ሰው መብለጥ አይችልም። አንዴ ከገባችሁ መንገድ የለም፣ ሱቅ የለም። ያላችሁ ታንኳችሁና የያዛችሁት ስንቅ ነው።

ያን የመጀመሪያ ጉዞ ያዘጋጀሁት ልክ ለመስክ ሽርሽር እንደሚኬድ አድርጌ ነው። በበረዶ የተሞላ ትልቅ ማቀዝቀዣ ሳጥን፣ ውስጡ ዶሮ ወጥ፣ አራት ታጣፊ ወንበር፣ ከሰል። ታንኳው ላይ ሲጫን ምንም አይልም። ውሃው ነዋ የሚሸከመው! ችግሩ ሐይቁ ሲያልቅ ነው። ከአንዱ ሐይቅ ወደ ሌላው የሚኬደው በእግር ነው፤ ታንኳውም ዕቃውም በጀርባና በትከሻ። ይኼን ፖርቴጅ ይሉታል። ርቀቱ ካርታው ላይ የተጻፈው በሜትርም በማይልም አይደለም፣ በሮድ ነው። አንድ ሮድ 5 ሜትር ያህል፣ ማለትም ወደ አንድ ታንኳ ርዝመት ነው። እኛ የደረሰን 180 ሮድ ነበር። «ምን አላት፣ 900 ሜትር» አልኩ። ዕቃችን በሦስት ዙር ነው ያለቀው፤ ስለዚህ ያችን 900 ሜትር አምስት ጊዜ ተመላለስኩባት። 4.5 ኪሎ ሜትር ማለት ነው፣ ከዚያ ውስጥ ሦስቱ ዙር ከነሸክሙ። ሁለተኛው ዙር ላይ ማቀዝቀዣ ሳጥኑን አቅፌ ጭቃ ውስጥ ተቀመጥኩ። ዶሮ ወጡን የዚያኑ ቀን ማታ ጨረስነው። የምግብ ፍላጎት አልነበረም፤ ሸክሙን ለመቀነስ ነው የበላነው።

በሚቀጥለው ዓመት እናቴ ጋር ደወልኩ።

«እማዬ፣ ድሮ አያቴ ሩቅ አገር ሲሄድ ምን ይዞ ነበር የሚሄደው?»

«ምን ይይዛል፣ በሶ ነዋ። ድርቆሽ። ደሞ አንተ የት ልትሄድ ነው?»

«ጫካ። ለአራት ቀን።»

«ቤት አጣህ እንዴ?»

እንደዚያ ብላም መንገደኛ ፈልጋ በሶና ሽሮ ላከችልኝ። እንደ ሁልጊዜው ካዘዝኳት በላይ።

ለአራት ሰው፣ ለአራት ቀን፣ በቀን ለአንድ ሰው 700 ግራም አስቤ ጀመርኩ። በድምሩ 11 ኪሎ ገደማ። ጉዞው ነሐሴ ላይ ስለነበር ፍልሰታ ገብቷል። የአክስቴ ልጅና ባሏ ይጾማሉ፣ ስለዚህ ሁሉም ነገር የጾም ሆነ። ይኼ ሥራዬን አቀለለልኝ። ቅቤ የለ፣ ሥጋ የለ፣ የሚበላሽ ነገር የለ። እንጀራውን ከሴንት ፖል ገዝቼ፣ ቆራርጬ፣ ሁለት ቀን ጠረጴዛ ላይ አሰጣሁት። ውሃው ሲወጣለት ክብደቱ ከግማሽ በታች ወረደ። ሽንኩርትና ቲማቲም ቀጭን ቀጭን ከትፌ ኦቨን ውስጥ በትንሽ እሳት አደረቅኩ። ማታ ማታ ዘይትና በርበሬ፣ የደረቀ ሽንኩርት፣ ውሃ፣ ከዚያ ድርቆሹን ጨመር። አሥር ደቂቃ የማይሞላ የድርቆሽ ፍርፍር። በማግስቱ ሽሮ። ቁርስ አጃ፣ እሱን እንኳ ከዚሁ ከአገሩ ገበያ። ምሳ እሳት አያስፈልገውም፤ በሶ በውሃና በጨው፣ ማር የሚወድ በማር። ቆሎ በየኪሱ። ቡናው ቤት ተቆልቶ ተፈጭቶ ገባ። ጀበናዋን ግን ቤት ተውኳት፣ ተሸክሜያት ብትሰበር ከእናቴ ጋር መታረቅ አይቻልም።

የእያንዳንዱን ቀን ምግብ ለብቻው በፌስታል ቋጠርኩና ቀኑን ጻፍኩበት። ይኼን የመከረኝ አራተኛችን፣ የሥራ ባልደረባዬ ነው። ሚኒሶታ ተወልዶ ያደገ፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ሲቀዝፍ የኖረ ልጅ። ሌላም አስተምሮኛል። ትንንሽ ቦርሳ አታብዛ፣ ሁሉም ነገር በሁለትና ሦስት ትልልቅ የጀርባ ቦርሳ ይግባ፣ በእጅ የሚንጠለጠል ነገር አይኑር። ቦርሳው ውስጥ መጀመሪያ ወፍራም ላስቲክ ይነጠፍ። ዘይት ሁለት ላስቲክ ውስጥ ይቋጠር። (እኔ በአንድ ቋጥሬው የስሊፒንግ ባጌ ጫፍ እስከ ዛሬ ዘይት ዘይት ይላል።)

የተከራየናቸው ታንኳዎች ኬቭላር ከሚባል ቀላል ሰው ሠራሽ ጨርቅ የተሠሩ ነበሩ፣ እያንዳንዱ 19 ኪሎ ገደማ። የአልሙኒየሙ ከ30 ኪሎ ያልፋል። ለኬቭላሩ ትንሽ ብር ቢጨመርበትም፣ ትከሻ በብር አይገዛም። ግን ኬቭላር ድንጋይ አይወድም። ዳር ስትደርሱ ውሃው ውስጥ ትወርዳላችሁ እንጂ ታንኳውን ድንጋይ ላይ አትጎትቱም። ስለዚህ እግር ቀኑን ሙሉ እርጥብ ነው። አንድ ጫማ ለውሃ፣ አንድ ጫማና ደረቅ ካልሲ ለድንኳን። ሌላው ዕቃ የታወቀ ነው፤ ድንኳን፣ የውሃ ማጣሪያ፣ ትንሽዬ የጋዝ ምድጃ፣ ላይፍ ጃኬት፣ ካርታ፣ ገመድ። እና አንድ ትልቅ ሸራ። ሸራውን አትርሱ።

የገባነው በሌክ ዋን ነው፣ «ሐይቅ አንድ» እንደማለት። ቀጥሎ ሌክ ቱ፣ ሌክ ስሪ፣ ሌክ ፎር። ስም አውጪው ደክሞት ነው መሰለኝ። ከአንድ ወደ ሁለት ሁለት አጫጭር ፖርቴጅ አለ፣ ከዚያ በኋላ እስከ አራት ድረስ በመቅዘፍ ብቻ ይኬዳል። ሦስተኛው ሐይቅ አካባቢ በ2011 (እ.ኤ.አ.) መብረቅ ያስነሳው ትልቅ እሳት ያለፈበት ነው። የተቃጠሉት ግንዶች አሁንም እንደ ምሰሶ ቆመዋል፣ ከሥራቸው ወጣት ጥዶች እየተጋፉ ይወጣሉ።

ማታ ምግቡን ድብ የማይከፍተው ሣጥን ውስጥ ቆልፈን ከድንኳኑ ራቅ አድርገን አስቀመጥን። ባልደረባዬ ዓሣ ያዘ። ዓሣ በፍልሰታ ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር ዓሣው እስኪጠበስ ድረስ አላለቀም፤ የአክስቴ ልጅ አልበላችም፣ ባሏ «ትንሽ ልቅመስ» አለ። ተኝተን ሳለ ከሐይቁ ላይ ረጅም ጩኸት መጣ። በእንቅልፍ ልቤ ጅብ ነው ብዬ ተነሳሁ። ሉን የሚሏት ወፍ ናት፣ የሚኒሶታ ምልክት። ባልደረባዬ እስኪነጋ ሳቀብኝ።

በአራተኛው ቀን መመለስ ነበረብን። ሌክ ስሪ ሰፊ ነው፣ ነፋሱም ፊት ለፊት። ማዕበሉ ነጭ አረፋ ሲያወጣ ባልደረባዬ መቅዘፊያውን አስቀመጠ። «ዛሬ አንሻገርም» አለ። ሸራውን ዘርግተን ከሥሩ ተቀመጥን። የቀን ስም የተጻፈባቸው ፌስታሎች ሁሉ ባዶ ናቸው።

ከቦርሳው ታች አንድ ስም ያልተጻፈባት የበሶ ከረጢት ነበረች። እማዬ ከላከችው የተረፈች። ክብደቷ 600 ግራም ነው፤ ከቤት ስንወጣ ሚዛን ላይ አስቀምጬ፣ «ይችስ ትቅር» ብዬ ሁለት ጊዜ አውጥቼ ነበር። አራት ኩባያ በጠበጥን። ባልደረባዬ ሁለተኛ ሲጠይቅ የአክስቴ ልጅ የራሷን ኩባያ ወደ ደረቷ አስጠጋች።