የልብስ ማድረቂያው ቱቦ የት ይውጣ?

ደሴ ላይ በክረምት ልብስ ማጠቡ ቀላል ነው፤ ጣጣው ማድረቁ ነው። ሐምሌ ላይ ጭጋጉ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ግቢው ውስጥ ሲተኛ፣ ዛሬ የተሰጣ ጂንስ ነገም እርጥብ ነው። ኮምቦልቻ ያለችው እህቴ "እኔ እኮ ጠዋት አጥቤ ምሳ ሳይደርስ አነሳለሁ" እያለች ታበሽቀኛለች። ምን አለባት፣ ታች ሙቀቱ ላይ ናት።

ልጆች ያሉበት ቤት ስለሆነ ከዱባይ የመጣ ማድረቂያ ማሽን ገዛን። ያየው ሰው ሁሉ ዋጋውን ይጠይቀኛል፣ ስለ ቱቦው ግን የሚጠይቅ የለም። ለኔ ዋናው ቱቦው ነው። አንዳንዱ ማሽን ውሃውን ራሱ ሳጥን ውስጥ ያጠራቅማል፣ ቱቦ አይፈልግም። የኛ ዓይነቱ ግን እርጥቡን ሞቃት አየር በጀርባው ነው የሚተፋው። ከአንድ ዙር ልብስ 2 ሊትር ገደማ ውሃ በእንፋሎት ይወጣል፣ ያ ሁሉ ክፍል ውስጥ ከቀረ ግድግዳው ሻጋታ ያበቅላል።

ሊገጥም የመጣው ልጅ "ኮርኒስ ውስጥ እንልቀቀው፣ ግድግዳም አይበሳ" አለኝ። በፍጹም! እንጨቱ ይበሰብሳል፣ ቺፑዱ ያብጣል። ይባስ ብሎ ከአየሩ ጋር የጨርቅ ብናኝ አብሮ ይወጣል፤ ደረቅ ጥጥ በለው፣ የመብራት ሽቦ በሚያልፍበት ኮርኒስ ውስጥ ማን ያንን ያጠራቅማል? አሜሪካ ውስጥ ከ2008 እስከ 2010 እ.ኤ.አ. በማድረቂያ ማሽን ሰበብ በየዓመቱ ወደ 2,900 የመኖሪያ ቤት ቃጠሎ ይደርስ ነበር፣ ቀዳሚው ምክንያት ደግሞ ብናኙን አለማጽዳት ነው።

ከማሽኑ ጋር የመጣውን እንደ አኮርዲዮን የሚለጠጥ ፕላስቲክ ቱቦም አልወደድኩትም። እጥፋቱ ሁሉ ብናኝ ይይዛል። ውስጡ ለስላሳ የሆነ የብረት ቱቦ ነው የሚያስፈልገው፣ ስፋቱ 10 ሳንቲ ሜትር። ታዲያ አሸንዳ ከሚሠሩት አንዱ ጋ ሄድኩ።

"የጢስ መውጫ ነው?" አሉኝ ሽማግሌው።

"አይ ጋሼ፣ የልብስ ማድረቂያ ነው።"

"ልብስም ይጨስ ጀመር?"

ስቀው ሲያበቁ ግን ከማንም በላይ የገባቸው እሳቸው ነበሩ። መጋጠሚያው ላይ ከማሽኑ የሚመጣው ጫፍ ወደ ቀጣዩ ውስጥ መግባት አለበት፣ ልክ አሸንዳ ላይ ውሃው በሚሄድበት አቅጣጫ እንደሚገጠመው። ከተገለበጠ ብናኙ ጠርዙ ላይ ይሰቀላል። በብሎን እንዳያስሩትም ለመንኳቸው፤ ወደ ውስጥ የሚወጣው ጫፍ ያው ብናኝ መያዣ ነው። በአልሙኒየም ፕላስተር ጠቀለልነው፣ ተራው ፕላስተር ሙቀቱ ሲደጋገምበት ይላቀቃል።

ርዝመቱስ? የአሜሪካ የቤት ግንባታ ደንብ እስከ 35 ጫማ ይፈቅዳል፣ 10.7 ሜትር መሆኑ ነው፤ በ90 ዲግሪ ለሚታጠፍ ለእያንዳንዱ ክርን 5 ጫማ ይቀነሳል። እኔ ግን ማሽኑን ራሱን ወደ ውጭው ግድግዳ አስጠግቼ ነገሩን ገላገልኩት። ቱቦው ቀጥ ብሎ ይወጣል፣ መታጠፊያ የሚባል ነገር የለውም። ብሎኬቱን በመዶሻና በመሮ መብሳት አቧራው ቤቱን ያለብሰዋል እንጂ ከባድ አይደለም። ቀዳዳውን ወደ ውጭ ትንሽ አዘንብሉት፣ የደሴ ዝናብ በአግድም ሁሉ ይመጣል፤ ዙሪያውን በሲሊከን ድፈኑት።

ውጭው ጫፍ ላይ አየር ሲገፋው የሚከፈት፣ ማሽኑ ሲቆም በራሱ የሚዘጋ ክዳን ይደረጋል። ባለቤቴ ለአይጥ ወንፊት ጨምርበት ብላ ነበር፤ ወንፊቱን ብናኝ ይደፍነዋል፣ ክዳኑ ይበቃል። ወደ ጎረቤት መስኮትም አታዙሩት፣ ነውር ነው፣ ቡና ላይ ትሰሙታላችሁ።

ማሽኑ ውስጥ ያለውን ማጣሪያ በየዙሩ አጽዱት። ቱቦውን ደግሞ ቢያንስ በዓመት አንዴ፣ ከክረምት በፊት፣ ፈትታችሁ ጥረጉት። ልብሱ ለመድረቅ ከወትሮው ከቆየ ዓመት አትጠብቁ፣ ቱቦው እየተዘጋ ነው ማለት ነው። መብራት ይበላል፣ አልዋሽም። እኛ ቤት ከምጣዱ ጋር አንድ ላይ አይበራም፣ እንጀራ ሲጋገር ልብሱ ተራውን ይጠብቃል።