ሁሉም ደህና

የመጀመሪያ ሥራዬን የሠራሁት ተራራ ላይ ነው። የዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነበርኩ። ተማሪዎችን በእረፍት ጊዜ ከከተማ አውጥቶ ካምፕ የሚያሳድር አንድ ድርጅት «ረዳት አስተባባሪ» አድርጎ ቀጠረኝ። ስሙ ትልቅ ነው። ሥራው ግን ድንኳን መትከል፣ ሽንኩርት መክተፍ፣ የጠፋ ካልሲ ማፈላለግና 28 ልጅ ቀን ከሌት መቁጠር ነበር። ማታ ማታ ደግሞ በየድንኳኑ ዞሬ የጤና ቅጽ እሞላለሁ። የማወራችሁም ስለዚያ ቅጽ ነው።

ጊዜው የ2011 ዓ.ም. ጥር መጨረሻ፣ መድረሻችን የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ። ልጆቹ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ናቸው። አብዛኞቹ የአዲስ አበባ፣ አምስቱ የድሬዳዋ። ከአምስቱ አንዱን ገና አዲስ አበባን ሳንለቅ ሁላችንም አወቅነው። አውቶቡስ ውስጥ ለሁሉም ቅጽል ስም ያወጣል። ሹፌሩን «ወሪያ፣ ሙዚቃ ቀይር እንጂ!» ይላል። ሹፌሩ አባቱ ይሆናሉ። የድሬ ልጅ አንቱ አያውቅም ሲባል እሰማ ነበር፤ እሱ በተግባር አሳየኝ። የሰፈሩ ቡድን አጥቂ ነው። አቀበት ሲያይ ይሮጣል፣ ቁልቁለት ሲያይም ይሮጣል። የደከመ ልጅ ካየ ቦርሳውን ተቀብሎ ይደርባል። እንዲህ ዓይነት ልጅ ካምፕ ውስጥ ሲኖር አስተባባሪ ይወፍራል።

በዕቅዱ መሠረት ደባርቅ አንድ ሌሊት ማደር ነበረብን። ደባርቅ ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን የምትገኝ የፓርኩ መግቢያ ከተማ ናት። ግን የዓባይን በረሃ ስንወጣ አውቶቡሳችን ሞተሩ ጋለና ቆመ። ዕቃ ፍለጋ አንድ ቀን ሄደ። ጎንደር ገብተን የትኛውን ቀን እንቀንስ ብለን ተሰበሰብን። ሁላችንም፣ እኔም ጭምር፣ «ደባርቅን» አልን። ደባርቅ ምን ይታያል? በማግስቱ ቀጥታ ፓርኩ ውስጥ ያለው ሳንቃበር ካምፕ ገብተን እናድራለን።

ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ጎንደር 2,100፣ ደባርቅ 2,850 አካባቢ፣ ሳንቃበር 3,250፣ ቀጥሎ የምናድርበት የግጭ ካምፕ 3,600። ደረጃ ነው። እኛ መሀሉን ነቅለን ልጆቹን አዘለልናቸው። አዲስ አበባ ራሷ ከ2,300 በላይ ስለሆነች የሸገር ልጆች ትንሽ ለምደዋል። የድሬዎቹ ግን ከቆላ ነው የመጡት። 3,600 ሜትር ላይ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን ባሕር ወለል ላይ ካለው ሁለት ሦስተኛው ያህል ነው። ሰውነት ይህን እስኪለምድ ቀናት ይፈልጋል። ጉልበት አያድንም። እንዲያውም ጉልበተኛ አላርፍ ስለሚል ይብስበታል። ይህን ሁሉ ሥልጠና ላይ ተምሬዋለሁ። ፈተናውንም በጥሩ ውጤት አልፌያለሁ።

ሳንቃበር ከሰዓት በኋላ ደረስን። ያን ቀን የተለየ ነገር አላየሁም፤ ልጁ ከስካውቶቹ ጋር እስኪመሽ ኳስ ተጫወተ። ስካውት የምንላቸው ጠመንጃ ይዘው ጎብኚ የሚያጅቡትን የአካባቢው ሰዎች ነው። በማግስቱ ወደ ግጭ በእግር ወጣን። ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ በመቶ እየሆኑ ተቀምጠው ሣር ይነጫሉ። ሰው አይፈሩም፤ ልጆቹ መሀላቸው ገብተው ፎቶ ለመነሳት ሲታገሉ እኔ «አትንኩ! አትጠጉ!» እያልኩ ድምፄ ተዘጋ። የጅንባርን ፏፏቴ አየን። የአስታው ዛፍ አልፎ የጓሳው ሣርና ጅብራው ሲጀምር ሰማዩ የቀረበ ይመስላል።

ዕቃችንን የጫኑልን ሽማግሌ የግጭ ተወላጅ ናቸው። የግጭ መንደር ሰዎች በ2008 ዓ.ም. ከፓርኩ ውስጥ ተነስተው ወደ ደባርቅ ሰፍረዋል። እሳቸው የተወለዱበትን ቤት ቦታ በእጃቸው እያሳዩ ነው በቅሎ የሚነዱት። «ይቺ ጋ ገብስ ነበረች» ይላሉ፤ ይሄዳሉ። የድሬው ልጅ ከእሳቸው ጋር ወዲያው ገጠመ። «አንተ፣ በቅሎህ ስሟ ማነው?» አላቸው። እኔ አፈርኩ፤ እሳቸው ግን እስኪያስላቸው ሳቁ። በቅሎዋ ሸጊቱ ትባላለች። ቀኑን ሙሉ ከሻይ ስኳራችን እየሰረቀ ሲያጎርሳት፣ «ሸጊቱ፣ ድሬ እወስድሻለሁ፣ ባጃጅ እገዛልሻለሁ» ሲላት ዋለ።

ግጭ ካምፕ ላይ ማታ መኮሮኒ ሠራን። ድርሻውን ለጓደኛው ገለበጠለት። አየሁት። ደግ ልጅ ነው አልኩ። የውኃ ጠርሙሱ እንደ ጠዋቱ ሙሉ ነበር። እሱንም አየሁ። ያ ነገር የሁሉም ልጆች በሽታ ነው፤ ሽንት ቤቱ ከድንኳኑ ራቅ ይላል፣ ሌሊቱ ውርጭ ነው፣ ጨለማው ደግሞ የከተማ ጨለማ አይደለም። ከሰዓት ጀምረው ውኃ ያቆማሉ።

ሦስት ሰዓት ላይ ቅጼን ይዤ ዞርኩ። ሴቶቹ ድንኳን ውስጥ ገብቼ ተቀመጥኩ። አንዷ እግሯ ውኃ ቋጥሯል፣ አንዷ እናቷ ናፍቃታለች፣ አንዷ ራሷን ያማታል። ሃያ ደቂቃ አወራን። ወንዶቹ ጋ ስደርስ ግን ዚፑን ከፍቶ መግባት ከበደኝ። የ17 ዓመት ጎረምሶች ናቸው፣ እኔ ደግሞ 21 ዓመቴ ነው፤ ልብስ እየቀየሩ ቢሆንስ? ደግሞ ጣቴ በብርድ እስክሪብቶ መያዝ አቅቶታል። ከውጭ ቆሜ ተጣራሁ።

«ልጆች! ደህና ናችሁ?»

«ደህና ነን ቲቸር!»

«ሁላችሁም?»

«ሁላችንም! እግዚአብሔር ይመስገን!»

ራይት አደረግኩ። ከታች «ሁሉም ደህና» ብዬ ጻፍኩ፣ ፈረምኩ፣ ወደ ሞቃቱ የእንቅልፍ ከረጢቴ ሮጥኩ።

በማግስቱ ፕሮግራማችን እሜት ጎጎ ነው፤ 3,926 ሜትር ከፍታ ላይ ሆነህ ስሜንን በሦስት በኩል የምታይበት አፋፍ። ልጆቹ ከመጡ ጀምሮ የሚያወሩት ስለሱ ነው። ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ሻይ እየጠጡ ይንጫጫሉ። የድሬው ልጅ ዝም ብሎ አንድ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ጫማውን ያስራል። ያስራል፣ ይፈታል፣ ያስራል። እንቅልፉ አለቀቀውም አልኩና አለፍኩ።

ሽማግሌው በቅሎ መጫኑን ትተው ቆመው ያዩታል።

«አንቺ ልጅ» አሉኝ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ይሄ ልጅ ሌሊት ጠጥቷል እንዴ?»

«ኧረ አባባ! ተማሪ እኮ ነው።»

«ከሽንት ሲመለስ አየሁት። አረማመዱ የሰካራም ነው።»

«ማታ ጠይቄዋለሁ፣ ደህና ነኝ ብሎኛል» አልኩ። ቅጹ ቦርሳዬ ውስጥ ነው፤ ላወጣላቸው ምንም አልቀረኝም።

መልስ አልሰጡኝም። በቅሎዋን እየሳቡ ሄደው ፊቱ አቆሟት። «ልጄ፣ ትናንት ስኳር ያበላሃት ማን ትባላለች?»

ልጁ ቀና አለ። በቅሎዋን አየ። ረጅም ጊዜ አየ።

«በቅሎ» አለ።

«ስሟን ነው የምልህ።»

ፈገግ አለ። ጭራሽ አልመጣለትም። ሸጊቱ አፍንጫዋን ወደ ኪሱ ሰደደች፤ እጁን አላነሳም። እኔ እዚያች ቦታ ላይ ብርዱ ከእግሬ ተነስቶ አናቴ ሲደርስ ተሰማኝ።

ዋና አስተባባሪውን ጠራሁ። መሬት ላይ የድንኳን ገመድ ዘረጋና «ተረከዝህን ከሌላኛው እግርህ ጣት እያገናኘህ በዚህ ላይ ሂድ» አለው። ትናንት አፋፍ ላይ ሲሮጥ የነበረ ልጅ በሦስተኛው እርምጃ ተንገዳግዶ ወደቀ። ሥልጠናው ላይ ይህን ተምረናል፦ ከፍታ ላይ ራስ ምታትና የምግብ ፍላጎት ማጣት ማስጠንቀቂያ ነው፤ ሚዛን መሳትና መደናገር ግን አንጎል ማበጥ መጀመሩን ያሳያል። መድኃኒቱ መውረድ ነው። እስከ ከሰዓት እንየው፣ ትንሽ ይረፍ፣ ሻይ ይጠጣ የሚባል ነገር የለም። አለቃዬ እንኳን ሊያማክረን ቆም አላለም። «አሁኑኑ ይወርዳል» አለ። ሌሎቹ ልጆች ከሌላው ረዳት ጋር ካምፕ ቀሩ።

ግጭ ድረስ መኪና አይመጣም። አንዱ ስካውት መንገድ ላይ መኪና እንዲያስቆም ቀድሞን ሮጠ። ልጁን ሸጊቱ ላይ አስቀመጥነው፤ እኔ በግራ፣ አስተባባሪው በቀኝ ወገቡን ያዝን፤ ሽማግሌው ከፊት ይስባሉ። ወደ ጅንባር ወንዝ ስንወርድ ሁለት ጊዜ አስመለሰው። ሁለተኛው ጃኬቴ ላይ ነው። «ይቅርታ ቲቸር» ሲለኝ ግን በደስታ ልጮህ ነበር፤ ማን እንደሆንኩ አውቋል ማለት ነው። ሽማግሌው በየመታጠፊያው «አላህ ያውጣህ» ይላሉ። አለቃዬ «እመብርሃን» ይላል። እኔ የማስበው ያንን ራይት ነው።

ስካውቱ አንድ ባዶ አይሱዙ አስቁሞ ጠበቀን። ሹፌሩ ብር አልቀበልም አለ። ደባርቅ ሆስፒታል ስንደርስ ኦክስጅን ሰኩለት። ሐኪሙ እየጻፈ «ራስ ምታቱ መቼ ጀመረው?» አለኝ።

«ዛሬ ጠዋት» አልኩ፣ ቆፍጠን ብዬ።

ልጁ ከጭምብሉ ሥር ምንም አላለም። ከብርድ ልብሱ ውስጥ እጁን አወጣና ሁለት ጣት አሳየ። ሁለት ቀን።

ሐኪሙ ጽፎ የነበረውን ሰረዘ።

ከሰዓት በኋላ በሐኪሙ ፈቃድ ጎንደር ወረድን። ሰው ከፍታ ሲቀንስ እንዴት እንደሚመለስ ሳላይ ብነገር አላምንም ነበር። በማግስቱ ጠዋት አልጋው ላይ ተቀምጦ «ወሪያ፣ እዚህ አገር ፈጢራ የለም?» ብሎ አስታማሚ ጓደኛውን ሲጨቃጨቅ ደረስኩ። በሩ ላይ ቆሜ አለቀስኩ። ከዚያ ገብቼ ተቆጣሁት። በዚህ ቅደም ተከተል።

«ሳንቃበር ላይ ካመመህ ለምን አልነገርከኝም?»

«ከጓደኞቼ ፓራሲታሞል እየተቀበልኩ ዋጥኩ። የሸገር ልጆች ምንም አልሆኑ፣ እኔ ታምሜ ልወርድ ነው?»

«እኔ በየማታው እጠይቅህ አልነበር?»

«መቼ ጠየቅሽኝ?»

«ደህና ነህ ስልህ!»

ግራ ተጋብቶ አየኝ። «እሱማ ሰላምታ ነው ቲቸር።»

ይህን መልስ ለሳምንታት አላመጥኩት። እውነቱን ነው። እኛ አገር ሰው ቤቱ ተቃጥሎ መንገድ ላይ ስታገኘው መጀመሪያ «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ይልሃል፤ ስለ ቤቱ የሚነግርህ ከዚያ በኋላ ነው። «ደህና» ከጥያቄው በፊት አፍ ላይ የተቀመጠ ቃል ነው። እኔ ደግሞ በጨለማ፣ በዚፕ ላይ፣ ለአራት ልጅ በአንድ ጊዜ ሰላምታ አቅርቤ የጤና ምርመራ አደረግኩ ብዬ ፈርሜያለሁ። ራሷን ያማታል ያልኳችሁ ልጅም ደህና ናችሁ ስል ደህና ብላ ነበር፤ ራስ ምታቱ የመጣው አሥራ አምስተኛው ደቂቃ ላይ፣ ስለ ፀጉር እያወራን ነው።

አለቃዬ አልተቆጣኝም። ቅጹን ፊቴ ዘርግቶ በጣቱ ራይቷን ነካ። «ይቺን ስታደርጊ ፊቱን አይተሽዋል?» አለኝ። አላየሁም አልኩ። «ደባርቅን ያስሰረዝኩት ደግሞ እኔ ነኝ» አለና ወረቀቱን አጥፎ የራሱ ኪስ ውስጥ ከተተው። ያኔ የልጁ አባት ከድሬ ደወሉ። ስልኩን ለእኔ ሰጠኝ። «ልጄ ደህና ነው?» አሉ። አፌ ላይ የመጣውን ቃል ዋጥኩት። «አባቴ፣ ሁለት ዳቦ በእንቁላል በልቷል። ብቻውን ደረጃ ወርዶ ወጥቷል። አሁን እየተሳደበ ነው» አልኳቸው። በስልኩ ውስጥ ሲተነፍሱ ሰማሁ።

ከዚያ ወዲህ ቅጹን ቀየርነው። ደህና የሚል ሳጥን የለውም። እራቱን ጨረሰ ወይ? ሳህኑን አይቶ የሚሞላ። ጠርሙሱ ስንት ጊዜ ተሞላ? ከምሳ በኋላ ስንት ጊዜ ሸና፣ ቀለሙስ? ገመዱ ላይ ሄደ ወይ? ኪኒን ከማን ተቀበለ? ወንዶቹ ድንኳን ስደርስ አንኳኩቼ፣ ማለቴ በጨርቅ ላይ የሚንኳኳውን ያህል፣ እገባለሁ። ደባርቅ ላይም እናድራለን፤ አውቶቡስ ቢበላሽ የሚቀነሰው ሌላ ቀን ነው።

ዋጋው ቅጽል ስም ሆነ። በቀጣዩ ዓመት ጥቅምት ሳንቃበር ላይ ከነባትሪዬ ስመጣ ልጆቹ ከሩቅ «ቲቸር ሽንት መጣች!» ሲሉ ሰማሁ። አንደኛው ድንኳን ገና ዚፑን ሳልነካው ከውስጥ ጮኸ፦

«እኔ ሦስቴ ቲቸር! እሱ ግን አንዴ ነው፣ ያውም ቢጫ!»

«አንተ ከሃዲ!» አለ ሌላ ድምፅ።

ጠርሙሴን ይዤ ገባሁ።