«አይፖድ!» አለ ስዊሱ

ጥምቀት ነው፤ ያለነው ፋሲለደስ ባሕረ ጥምቀት። ጸበሉ ተባርኮ እንዳበቃ ልጆቹ እንደ ልማዳቸው ከግንቡ ላይ እየዘለሉ ውሃው ውስጥ ይገባሉ። አንዱ ቀጫጫ ልጅ አየር ላይ ተገለባብጦ ሲገባ፣ ይዤው የነበረው የስዊዘርላንድ እንግዳ «አይፖድ!» ብሎ ጮኸ።

ክው አልኩ። አስጎብኚ ነኝ፤ በጥምቀት ግርግር የእንግዳ ኪስ መጠበቅ የሥራዬ ግማሽ ነው። «የሙዚቃ ማጫወቻህን ሰረቁህ እንዴ?» ብዬ ኪሱን ስዳብስ ሰውዬው በሳቅ ሞተ። ለካ የጠራው ዕቃ ሳይሆን ሰው ነው።

ማታ ፒያሳ ማኪያቶ ይዘን የአይፖድን ቪዲዮ በስልኩ አሳየኝ። ኔትወርኩ እየቆመ ልጁን አየር ላይ ዘቅዝቆ ያስቀርብናል። እኛም እስኪወርድ እንጠብቃለን።

ስሙ ዩሪ ፖድላድቺኮቭ ነው። የስኖውቦርድ፣ ማለትም ጣውላ ላይ ቆሞ በበረዶ የመንሸራተት ስፖርት፣ ወዳጆች ግን ከስሙ (በላቲን ፊደል Iouri Podladtchikov) ቆርጠው «አይፖድ» ይሉታል። (እውነቱን ለመናገር እኔም ሙሉ ስሙን ለመጥራት ሦስት ቀን ፈጅቶብኛል።) ሩሲያ ተወልዶ በልጅነቱ ስዊዘርላንድ የገባ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ቱሪን ኦሎምፒክ ለሩሲያ ተወዳደረ። በ2010 ቫንኩቨር ላይ ለስዊዘርላንድ ተሰልፎ አራተኛ ወጣ። አራተኛ ደግሞ ክፉ ደረጃ ነው፤ ሜዳሊያውን በዓይንህ አይተህ ትመለሳለህ።

ውድድሩ ሃፍፓይፕ ይባላል። ቱቦ ለሁለት ተሰንጥቆ ውስጡ በበረዶ እንደተለበጠ አስቡት፤ ግድግዳው ከስድስት ሜትር በላይ ነው። ከአንዱ ግድግዳ ወደ ሌላው እየተምዘገዘጉ አየር ላይ መሽከርከር ነው ጨዋታው። አይፖድ በ2013 «ዮሎ» ያለውን ዝላይ ይዞ መጣ፤ ሁለቴ እየተገለበጠ አራት ሙሉ ዙር፣ 1440 ዲግሪ። አሜሪካዊው ሾን ዋይት፣ የዘርፉ ንጉሥ፣ ይህንኑ ዝላይ ተማረበት።

ሩሲያ ውስጥ በሶቺ ኦሎምፒክ ላይ ተገናኙ። በእኛ አቆጣጠር የካቲት 4 ቀን 2006 መሆኑ ነው። በረዶው ሟሟ ብሎ ሁሉም ያማርራል። ዋይት በመጀመሪያ ዙሩ ዮሎን ሞክሮ ወደቀ። የዝላዩ ባለቤት ግን በሁለተኛው ዙር አሳርፎት ከመቶ 94.75 አገኘ። የመጨረሻው ወራጅ ዋይት ስለነበር አይፖድ ቆሞ መጠበቅ ነበረበት። የዋይት ነጥብ ሲወጣ አራተኛ! ያቺ ክፉ ደረጃ ባለቤቷን ቀየረች። አይፖድም በተወለደበት አገር ለስዊዘርላንድ ወርቅ ወሰደ።

እ.ኤ.አ. በጥር 2018 አሜሪካ፣ አስፐን ላይ ክፉኛ ወድቆ ጭንቅላቱን ተመታ፤ የፒዮንግቻንግ ኦሎምፒክም አመለጠው። እንግዳዬ ይህን ሲነግረኝ ስልኩን ዘጋው፤ ቪዲዮውን ሊያሳየኝ አልፈለገም።

የእህቴ ልጅ ከባሕረ ጥምቀቱ ዘላዮች አንዱ ነው። ታሪኩን ስነግረው አራቱ ዙር ምንም አልመሰለውም።

«አጎቴ፣ ከሥር ውሃ የለም?»

«በረዶ ነው እንጂ።»

ጭንቅላቱን አከከ። «እና በእግሩ ነው የሚያርፈው?»