ለመጀመሪያ የሥራ ቃለ መጠይቅ የተዘጋጀንባቸው ዘጠኝ ቀናት

ታናሽ እህቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሥራ ቃለ መጠይቅ የተጠራችው ባለፈው ወር ነው። በተደወለላት ማግስት ማታ አንድ ደብተር ይዛ መጣችና፣ ከኢንተርኔት ያሰባሰበቻቸውን አርባ ያህል ጥያቄዎች ከነመልሶቻቸው ገልብጣ እንደጨረሰች፣ አሁን የቀራት በቃሏ መያዝ ብቻ እንደሆነ ነገረችኝ። ደብተሩን እያገላበጥሁ ሳለ ደነገጥሁ፤ ከዓመታት በፊት እኔም ልክ እንዲህ ያለ ደብተር ነበረኝና። ቃለ መጠይቁ ሊደርስ ዘጠኝ ቀን ቀርቶት ነበር፤ ይህን ጽሑፍ የምጽፈው በእነዚያ ቀናት ያደረግነውን፣ እንደ እሷ የመጀመሪያ ጥሪ ለደረሳቸው ሰዎች ለማካፈል ነው።

እኔ ያን ጊዜ ሃያ ሁለት መልሶችን እንደ ግጥም ሸምድጄ ነበር የገባሁት። «ስለ ራስህ ንገረን» የሚለውን የመጀመሪያ ጥያቄ ሳልደናቀፍ ተወጣሁት። ሁለተኛው ጥያቄ ግን በደብተሬ ውስጥ አልነበረም። ከጠያቂዎቹ መካከል በዕድሜ ጠና ያሉት ሴት፣ ከሌሎች ጋር ሆኜ የጀመርሁት ሥራ ሳይሳካ የቀረበትን አንድ አጋጣሚና የእኔ ድርሻ ምን እንደነበረ እንድነግራቸው በእርጋታ ጠየቁኝ። ከሸመደድኋቸው መልሶች ውስጥ ለዚህ የሚቀርበውን ስፈልግ፣ «ድክመትህ ምንድን ነው?» ለሚለው ያዘጋጀሁት፣ ለሥራ ጥራት ከመጠን በላይ እንደምጨነቅ የሚናገረው መልስ ትዝ አለኝና እሱን ተናገርሁ። ሴትዮዋ ጥቂት ጠብቀው ጥያቄውን ደገሙልኝ። እኔም መልሱን ደገምሁላቸው። ያልተሳካ የቡድን ሥራ አጥቼ አልነበረም፤ ከመመረቄ በፊት ለአራት የጀመርነው ጥናት፣ መጠይቁን ዘግይተን በመበተናችን ምክንያት በግማሽ የቀረ ሲሆን፣ የጊዜ ሰሌዳውን ያወጣሁትም እኔው ነበርሁ። ይህን ታሪክ ያስታወስሁት ግን ከቃለ መጠይቁ ወጥቼ ወደ ቤት ስሄድ መንገድ ላይ ነው።

ከዓመታት በኋላ እኔ ራሴ ከጠያቂዎች አንዱ ሆኜ ስቀመጥ፣ በጠረጴዛው በዚያኛው ወገን ምን እንዳለ አየሁ። በእጄ የምዘና ቅጽ ነበረ፤ ለሁሉም አመልካቾች የሚቀርቡ አንድ ዓይነት ጥያቄዎች በአንድ ዓይነት ቅደም ተከተል ሰፍረውበታል፤ ከእያንዳንዱ ጥያቄ አጠገብ ደግሞ ጥሩ መልስ ምን ምን ነገሮችን መያዝ እንዳለበት የሚገልጽ መመዘኛና የነጥብ ቦታ አለ። ይህ አሠራር ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። ፍራንክ ሽሚትና ጆን ሀንተር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1998 የ85 ዓመታት ጥናቶችን አሰባስበው ሲመረምሩ፣ በዚህ መልክ አስቀድሞ የተዋቀረ ቃለ መጠይቅ እንደ ወግ ከሚደረገው ልቅ ጭውውት ይልቅ የሰውን የወደፊት የሥራ ብቃት በተሻለ ሁኔታ እንደሚጠቁም አሳይተዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2022 የስሌቱን ዘዴ እንደገና የመረመሩ ሌሎች አጥኚዎችም የተዋቀረውን ቃለ መጠይቅ ከመምረጫ ዘዴዎች ሁሉ ፊት አስቀምጠውታል። በርግጥ ሁሉም መሥሪያ ቤት እንዲህ አይሠራም፤ ዛሬም ቢሆን ጠያቂው በቅጽበት ያሰበውን የሚጠይቅባቸው ቦታዎች አሉ። ነጥብ በሚሰጥበት ቃለ መጠይቅ ግን፣ ያማረ ቢሆንም ያልተጠየቀ ነገር የሚመልስ ሰው ነጥብ የሚጻፍለትን ቦታ ባዶ ያስቀረዋል። እኔ በዚያ ቀን ያደረግሁት ይህንኑ ነበር።

የጠቅላላ ዕውቀት ሽምደዳ የሚያስመርጥበት ዘመን እንደነበረም አውቃለሁ። ቶማስ ኤዲሰን ሥራ ፈላጊዎችን ከመቶ በላይ በሆኑ የጠቅላላ ዕውቀት ጥያቄዎች ይፈትን ነበር፤ ጥያቄዎቹ እ.ኤ.አ. በ1921 ጋዜጣ ላይ ወጥተው ብዙ አከራክረዋል። በዚያው ዓመት አሜሪካን ይጎበኝ የነበረው አልበርት አንስታይን ከጥያቄዎቹ አንዱ የሆነው የድምፅ ፍጥነት ሲቀርብለት፣ በቀላሉ ከመጽሐፍ የሚገኝን ነገር በቃሉ እንደማይዝ መለሰ። ዛሬ አብዛኛው ጠያቂ የሚፈልገው ከመጽሐፍ የማይገኘውን፣ ሰውየው ራሱ ያደረገውን ወይም ሊያደርግ የሚችለውን ነገር ነው። ጥያቄዎቹም በአብዛኛው ሁለት መልክ አላቸው፤ አንዱ «ከዚህ ቀደም እንዲህ ያለ ነገር ሲያጋጥምሽ ምን አደረግሽ?» የሚል ሲሆን፣ ሌላው «እንዲህ ቢያጋጥምሽ ምን ታደርጊያለሽ?» የሚል ነው።

እህቴ ይህን ስነግራት፣ «ታዲያ እኔ እኮ ምንም የሥራ ልምድ የለኝም» አለችኝ። አዲስ ተመራቂ ሁሉ የሚለው ነገር ነው፤ ከልቡም ያምነዋል። ከዘጠኙ ቀናት ውስጥ ሦስቱን ምሽቶች ያጠፋነው በዚህ ላይ ስለሆነ፣ እኔም ሰፋ አድርጌ ላስረዳው።

በመጀመሪያ የሥራ ማስታወቂያውን አውጥተን ቃል በቃል አነበብነው። የሥራ መደቡ የመዝገብ ሥራ ረዳት ሲሆን፣ መረጃን በጥንቃቄ መያዝ፣ ከልዩ ልዩ ሰዎች ጋር ተግባብቶ መሥራትና ሥራን በጊዜ ገደቡ ማስረከብ ይጠይቃል። እያንዳንዱን ችሎታ በአንድ ገጽ አናት ላይ ጻፍነውና፣ ከሥሩ እሷ በሕይወቷ የሠራችው፣ ከዚያ ችሎታ ጋር የሚገናኝ ነገር ሁሉ እንዲሰፍር ተስማማን፤ ደመወዝ ተከፍሏትም ይሁን ሳይከፈላት፣ በትምህርት ቤትም ይሁን በቤት። የመጀመሪያው ማታ ገጾቹ ባዶ ሆነው አደሩ። በሁለተኛው ማታ፣ እንዲያው በወሬ መካከል፣ ለሁለት ዓመት ያህል የክፍላቸው ተማሪዎች ለጽሑፍ ማባዣ የሚያዋጡትን ገንዘብ ትይዝ እንደነበረ አነሳች። «ለምን አልጻፍሽውም?» ስላት፣ «እሱ ደግሞ ሥራ ነው እንዴ?» አለችኝ።

ታሪኩን እንድትነግረኝ ስጠይቃት መጀመሪያ ያለችው፣ ገንዘብ ያዥ እንደነበረችና ኃላፊነት የሚሰማት ሰው እንደሆነች ብቻ ነው። ይህ መልስ ለማንም ሊነገር የሚችል በመሆኑ ስለ እሷ ምንም አይናገርም። ስለዚህ መጠየቄን ቀጠልሁ፤ ስንት ሰው ያዋጣ ነበር? ሒሳቡን በምን ትይዢ ነበር? የተበላሸ ቀን ነበር ወይ? እዚህ ላይ ፊቷ ተለወጠ። አንድ ቀን ቆጥራ ስታመሳክር በእጇ ያለው ገንዘብ ከመዝገቡ አንሶ ተገኘ። ከኪሷ ሞልታ ዝም ማለት ትችል ነበር፤ እሷ ግን በዚያው ዕለት ለክፍሉ ተጠሪ ነገረች፤ ከዚያም ደረሰኞቹን አንድ በአንድ ከመዝገቡ ጋር ስታስተያይ፣ የአንዲት ተማሪ ክፍያ ሁለት ጊዜ ተመዝግቦ አገኘችው። ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ክፍያ ተራ ቁጥር መስጠት ጀመረች። ለመዝገብ ሥራ ረዳትነት ከዚህ የበለጠ ምን ታሪክ ይፈለጋል? ይህ ሁሉ በውስጧ ተቀምጦ ሳለ፣ ደብተሯ ላይ የሰፈረው ከማታውቀው ሰው የተገለበጠ መልስ ነበር። ይህ በእውነት ያሳዝነኛል፤ ብዙ ወጣቶች ያላቸውን ትተው የሌላቸውን ሲሸመድዱ ስለማይ ነው።

በሦስተኛው ማታ መጨረሻ ስድስት ታሪኮች ነበሯት። ስድስት ትንሽ ቢመስልም፣ አንዱ ታሪክ ለብዙ ጥያቄ ያገለግላል፤ የመዋጮው ታሪክ ስለ ጥንቃቄም፣ ስለ ስሕተትም፣ ስለ ታማኝነትም ቢጠየቅ መልስ ይሆናል። አነጋገሩን በተመለከተ፣ ሁኔታው ምን እንደነበረ፣ ከእሷ ምን ይጠበቅ እንደነበረ፣ ምን እንዳደረገችና ምን እንደተገኘ በቅደም ተከተል መናገር በቂ ነው። ጀማሪ ተናጋሪ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያው ላይ ይቆይና፣ ዋናው ወደሆነው ወደ «ምን አደረግሁ» ሲደርስ ይቸኩላል። ሌላው የታዘብሁት «እኛ» ማለትን ነው። «ተነጋገርን፣ አስተካከልን» ስትል፣ ጠያቂው የእሷን ድርሻ መለየት አይችልም። «እኔ» ማለት ጉራ ስለሚመስለን ይከብደናል፤ ነገር ግን የሌላውን ድርሻ ሳይነኩ የራስን በትክክል መናገር ጉራ አይደለም።

ከዚያ በኋላ የተደረገው ደብተሩን ዘግቶ ጮክ ብሎ መናገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒክ ያሳተሙት ጥናት ይህን በግልጽ ያሳያል፤ አንድን ጽሑፍ ደጋግመው ያነበቡ ተማሪዎች ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ የተሻሉ ቢሆኑም፣ ከሳምንት በኋላ ግን ብዙ ያስታወሱት ጽሑፉን ዘግተው ከራሳቸው ለማውጣት የሞከሩት ናቸው። እህቴ በየምሽቱ አንዱን ታሪክ በተለያየ ጥያቄ መነሻነት ትነግረኝ ነበር፤ ቃላቱ በየጊዜው እንዲለዋወጡ ሆን ብዬ ጥያቄውን እቀይርባታለሁ። በስልኳ የቀዳችው የመጀመሪያ ትረካ አራት ደቂቃ ተኩል ነበር፤ ከአምስት ቀን በኋላ ወደ ሁለት ደቂቃ ገደማ ወረደ፤ ከታሪኩ ግን የጎደለ ነገር አልነበረም። ድምፅን ቀድቶ ማዳመጥ መጀመሪያ ላይ ያሳፍራል፤ ሆኖም ዓረፍተ ነገርን ሳይጨርሱ ሌላ መጀመርን የመሰለ ልማድ በሌላ መንገድ አይታወቅም።

«ስለ ራስሽ ንገሪን» ለሚለው ከትውልድና ከቤተሰብ ተነስቶ መተረክ አያስፈልግም፤ ምን እንደተማረች፣ ከሥራው ጋር የሚገናኝ ምን እንደሠራችና ይህን ሥራ ለምን እንደፈለገችው በአንድ ደቂቃ ተኩል ውስጥ ተናገረችው። ድክመትን በተመለከተ ያለኝ አቋም ግልጽ ነው፤ ጥንካሬን በድክመት ስም ማቅረብ ማንንም አያታልልም፣ እኔንም አላዋጣኝም። እውነተኛውን፣ ነገር ግን ሥራውን የማያሰናክለውን ድክመት መናገርና ለማሻሻል ምን እያደረጉ እንደሆነ መጨመር ይሻላል።

ከሁሉ በላይ ያስፈራት ዝምታ ነበር። ጥያቄ ቀርቦ መልሱ ወዲያው ካልመጣላት ያለቀላት ይመስላታል። ይህ ስሜት ምክንያት አለው፤ እ.ኤ.አ. በ2009 በአሥር ቋንቋዎች ላይ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው፣ ሰዎች ሲነጋገሩ ከጥያቄ እስከ መልስ ያለው ክፍተት በአማካይ 200 ሚሊ ሴኮንድ፣ ማለትም የሴኮንድ አንድ አምስተኛ ያህል ነው። ከዚህ አንጻር ሦስት ሴኮንድ ዝም ማለት ለተናጋሪው ዘላለም ይሆንበታል። ለጠያቂው ግን አይደለም፤ እኔ እንደ ጠያቂ ስቀመጥ በዚያ ጊዜ ማስታወሻዬን እየጻፍሁ ነበር። ስለዚህ «አንድ አፍታ ላስብበት» ማለትን ተለማመድን፤ አዎ፣ ይህችን አጭር ዓረፍተ ነገር ጮክ ብለን ደጋግመን ተለማመድናት። የማታውቀው ነገር ከመጣም አለማወቋን ተናግራ፣ እንዴት ልታውቀው እንደምትችል እንድትጨምር ተነጋገርን።

ስለ ልብስ ብዙ የምለው የለኝም፤ ንጹሕ፣ ለቦታው የሚስማማና አስቀድሞ ተለብሶ የተሞከረ ይሁን። ማስረጃዎቹን ከነቅጂዎቻቸው በአንድ አቃፊ አዘጋጅታ፣ ከሁለት ቀን በፊት ቦታውን ሄዳ አየች። በመጨረሻ «ጥያቄ አለሽ?» ሲሏት የምትጠይቀውንም ያዘች፤ ይህ ሠራተኛ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ምን ሠርቶ ቢያሳይ ይደሰታሉ የሚል ነበር።

በዋዜማው እጇ ቀዝቅዞ ነበር። «ተረጋጊ» ልላት ፈልጌ ተውሁት። አሊሰን ዉድ ብሩክስ እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተመችው ጥናት፣ ንግግር ከማድረጋቸው በፊት ለራሳቸው «ጓጉቻለሁ» ያሉ ሰዎች «ተረጋግቻለሁ» ካሉት የተሻለ ተናግረዋል፤ የሚመታ ልብን በግድ ከማርገብ ይልቅ ስሙን መለወጥ ይቀላልና። እኔም የመዋጮውን ታሪክ ለመጨረሻ ጊዜ እንድትነግረኝ ጠየቅኋት፤ ስትጨርስም እንድትተኛ ላክኋት።

በማግስቱ ስትመለስ፣ ምግብ ሳትቀምስ የተጠየቀችውን ሁሉ እንድትጽፍ ለመንኋት፤ ማታ ላይ ግማሹ ይረሳልና። ስምንት ጥያቄዎች ነበሩ። አምስቱን ከስድስቱ ታሪኮች መልሳለች። ስድስተኛው በማታውቀው የመዝገብ ሶፍትዌር ላይ የቀረበ ሲሆን፣ እንዳልሠራችበት ተናግራ፣ ኤክሴልን ለመዋጮው ሒሳብ ስትል በራሷ እንዴት እንደተማረች ነገረቻቸው። በሰባተኛው ላይ «አንድ አፍታ ላስብበት» ብላለች። በስምንተኛው፣ አንድ ደንበኛ በቁጣ ቢመጣ ምን ታደርጊያለሽ በሚለው፣ አልረካችም። ውጤቱ እስካሁን አልተነገረም። ትናንት ማታ ግን ደብተሩን ዘግታ፣ ለዚያች ስምንተኛ ጥያቄ ብቻዋን ጮክ ብላ መልስ ስትሰጥ ከሚቀጥለው ክፍል ሰማኋት።