«እዚያ ደርሰሽ እንኳ አላስወጣሽውም?»

ከአገር ቤት የሚደወለው ስልክ ወሬው ሁሌ አንድ ነው። «ማህፀንሽ ወርዶ እስካሁን ይዘሽው ትዞሪያለሽ? እዚያማ በአንድ ቀን ቆርጠው ይጥሉልሻል!» ጠያቂዋ ክፋት የላትም። ውጭ አገር ሲባል የተበላሸ ነገር ሁሉ ተነቅሎ የሚጣልበት ጋራዥ ይመስላታል።

የወረደ ማህፀን ግን ራሱ አብዛኛውን ጊዜ ጤነኛ ነው። የላሉት ከላይ ያንጠለጠሉት ጅማቶችና ከሥር የደገፉት የዳሌ ወለል ጡንቻዎች ናቸው። ልልቱ በፊት በኩል ሲሆን የሽንት ፊኛ ወደ ብልት ይገፋል፣ በኋላ በኩል ሲሆን የሰገራ አንጀት፣ ከላይ ሲሆን ማህፀኑ ይወርዳል። ብዙ ሴቶች ላይ ሁለቱ ወይም ሦስቱ አብረው ይገኛሉ። ማህፀኑን አውጥቶ የብልቱን ጣሪያ ምንም ላይ ሳያስሩ መተው፣ ቆይቶ ጣሪያው ራሱ እንደ ካልሲ ተገልብጦ እንዲወርድ ሊያደርግ ይችላል። ሐኪሙ ፊት ስትቀመጡ «ከምን ላይ ነው የምትሰቅሉት?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ካልተብራራላችሁ ፊርማችሁን አትስጡ።

አሁን ወደ ውርደቱ። ምርመራው ራሱ ቀላል አይደለም፤ አስተኝተው እንደ ምጥ ግፊ ይላሉ፣ ያስስላሉ፣ አንዳንዴም አቁመው ይመረምራሉ። የወረደውን ከብልት አፍ አንጻር በሴንቲ ሜትር ይለኩታል፤ ልኬቶቹ 9 ናቸው፣ ደረጃው ከ0 እስከ 4። በደረጃ 2 የወረደው ጫፍ ከብልት አፍ ከ1 ሴንቲ ሜትር ባልበለጠ ርቀት ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ይሆናል፣ በ4 ሙሉ በሙሉ ተገልብጧል። ይህን ሁሉ የእኛ ሴቶች ጥርሳቸውን ነክሰው ያልፉታል። የሚሰብራቸው ከዚያ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ ነው፦ «አሁንም የግብረ ሥጋ ግንኙነት ያደርጋሉ? ወደፊትስ ይፈልጋሉ?»

ፈረንጅ ይህን የሚጠይቀው የጫማ ቁጥር በሚጠይቅበት ድምፅ ነው። አስተርጓሚው ደግሞ ወንድ ልጃቸው ነው! እናት «ኧረ በስመ አብ፣ በዚህ ዕድሜዬ!» ይላሉ። ልጁ አንገቱን ደፍቶ «ኖ» ብሎ ይገላገላል። «ኖ» መዝገብ ላይ ይሰፍራል። ከዚያ በኋላ የሚቀርበው ምርጫ በዚህ አንድ ቃል ላይ ሊመሠረት ይችላል፤ ምክንያቱም አንደኛው የቀዶ ሕክምና ዓይነት ብልትን መዝጋት ነው። የፊትና የኋላውን ግድግዳ ልጠው እርስ በርስ ይሰፏቸዋል። ቀዶው አጭር ነው፣ በወገብ ማደንዘዣም ይሠራል፣ ከ10 ሴቶች ከ9 በላይ ለሚሆኑት ይሳካል። ለደከመች አዛውንት ከዚህ የተሻለ ላይኖር ይችላል። ግን ከዚያ በኋላ ግንኙነት የሚባል ነገር የለም። ማህፀኑም ከውስጥ ከቀረ የማህፀን በር ምርመራ ማድረግ ስለማይቻል፣ አስቀድሞ መመርመር አለበት። በኀፍረት የተባለ «ኖ» እና በእውነት የተባለ «ኖ» ወረቀት ላይ ልዩነት የላቸውም። ሆስፒታሉ ባለሙያ አስተርጓሚ እንዲያቀርብ ቀጠሮ ሲያዝ ጠይቁ፣ ሴት እንድትሆንም ጨምሩበት። ባልና ልጅ ውጭ ይጠብቁ።

የእኛም ሰው አያምርበትም፤ 20 ዓመት በጨርቅ ደግፎ ይደብቃል፣ ከዚያ በአንድ ሳምንት ይቆረጥልኝ ይላል። የማያስቸግር ከሆነ መቁረጥ ግድ አይደለም። በልክ የሚመረጥ የሲሊኮን ቀለበት አለ፤ ፔሳሪ ይባላል፣ አውጥተው አጥበው መልሰው ያስገቡታል፣ ከጥቂት ወራት አንዴ ሐኪም ያየዋል። ገና መውለድ የምታስብም ሴት ቀዶውን ብታዘገየው ይሻላል፣ ቀጣዩ እርግዝናና ወሊድ ጥገናውን ሊያፈርሱት ይችላሉ።

ብልታቸው ክፍት እንዲቆይ ለሚፈልጉ መስቀያው በዋናነት ሦስት ዓይነት ነው። አንደኛው በብልት በኩል ገብተው ከዳሌ ጅማት ጋር መስፋት ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚመረጠው የቀኙ ጎን ነው፤ ከቀዶው በኋላ ቂጥ ላይ የሚወጋ ሕመም ሊኖር ይችላል፣ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታት ይለቃል። ሁለተኛው ማህፀንን ከኋላ ከያዙት ጅማቶች ጋር ማሰር ነው። እዚህ ላይ ስፌቱ ከኩላሊት ሽንት የሚያወርደውን ቱቦ ሊያጣምም ስለሚችል፣ ሐኪሙ ከመጨረሱ በፊት በካሜራ ወደ ፊኛ ገብቶ ሽንት ከሁለቱም የኩላሊት ቱቦዎች ቀዳዳ ሲፈልቅ ማየት አለበት። ካልፈለቀ ስፌቱ ይፈታል። ሦስተኛው በሆድ በኩል፣ አሁን በአብዛኛው በትንንሽ ቀዳዳዎች፣ የብልቱን ጣሪያ በሰው ሠራሽ መረብ ከታችኛው የጀርባ አጥንት ጋር ማገናኘት ነው። «መረብ ታግዷል» የሚለው ወሬ ግማሽ እውነት ነው። በአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደሩ በፈረንጆች 2019 ሽያጩ እንዲቆም ያዘዘው ለዚህ ሕመም በብልት በኩል የሚገባውን ነው፤ በሆድ በኩል የሚገባው አሁንም ይሠራበታል።

ስትነቁ ብልት ውስጥ የታጨቀ የቁስል ጨርቅ (ጋዝ)፣ ፊኛ ላይ ካቴተር የሚባል የሽንት ማውጫ ቱቦ ታገኛላችሁ። ጨርቁ በአብዛኛው በማግስቱ ይወጣል። ካቴተሩ ከመነቀሉ በፊት ፊኛችሁን 300 ሚሊ ሊትር ያህል ውኃ ሞልተው ሽኑ ሊሏችሁ ይችላሉ፤ 200 ካወጣችሁ አለፋችሁ። ካልወጣ ካቴተሩን ይዛችሁ ለጥቂት ቀን ቤት ትሄዳላችሁ፣ አትደንግጡ። የሚያስደነግጠው ሌላ ነው፦ በፊት የማያመልጣት ሴት ከቀዶው በኋላ ስትስል ሽንት ሊያመልጣት ይችላል። የወረደው ፊኛ ሽንት ወደ ውጭ የሚወጣበትን ቱቦ አጥፎ ይዞት ስለነበር ነው፣ ሲቃና ይገለጣል። ከቀዶው በፊት የወረደውን መልሰው ደግፈው በሳል እንዲፈትሹ ጠይቁ።

ስፌቱ ሲሟሟ ለ6 ሳምንት ያህል ፈሳሽ ይኖራል። የሽንት እምቢታ፣ ትኩሳት፣ ፓድ በፓድ የሚያርስ ደም፣ የጎን ሕመም ወይም የአንድ እግር እብጠት ግን የድንገተኛ ክፍል ጉዳይ ነው። የሆድ ድርቀት ስፌትን ይፈታተናል፤ ሰገራ ማለስለሻው የታዘዘው ለጌጥ አይደለም።

ለመምጣት ሻንጣ ለምታስሩ ደግሞ፦ አገር ቤት ቀዶ ሕክምና አድርጋችሁ ከሆነ የቀዶ ሕክምናውን ማስታወሻ ይዛችሁ ኑ። ማህፀን ወጥቷል ወይስ ተሰቅሏል? መረብ ገብቷል? በብልት ነው በሆድ? ያ ወረቀት ከሌለ ሐኪሙ ከዜሮ ይጀምራል። እዚህ የሚጠብቃችሁም ሥራ አረጋዊ ማንሳትና ካርቶን መሸከም መሆኑን እወቁ። ከቀዶ በኋላ ብዙ ሐኪሞች ለ6 ሳምንት ከባድ ነገር አታንሱ ይላሉ፤ «ከባድ አታንሺ» ብቻ ከተባላችሁ ስንት ኪሎ ድረስ ማንሳት እንደሚፈቀድ በደብዳቤ አጽፉ፣ አለቃ «ቀላል ሥራ» የሚለው 15 ኪሎ ሊሆን ይችላል።