በስልኩ ላይ የታየው 212 ሚሊቮልት

መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ መከልከሉን በጥር 2016 ዓ.ም. ካስታወቀ ወዲህ፣ በምሠራበት የአዲስ አበባ ጋራዥ ግቢ የሚቆሙት መኪኖች ዓይነት ተለውጧል። የአምራቾቹ መመርመሪያ መሣሪያ ግን የመኪኖቹን ያህል በብዛት አልገባም፤ የገባውም ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ ከአምራቹ ጋር በኢንተርኔት ተገናኝቶ ፈቃድ ካላገኘ ሙሉ አገልግሎት አይሰጥም። በዚህ ምክንያት መካኒኩም፣ ደላላውም፣ ባለመኪናውም የሚጠቀሙበት መሣሪያ አንድ ሆኗል፤ ከመሪው ሥር ባለው ሶኬት ላይ የሚሰካ አነስተኛ የብሉቱዝ አስማሚ እና በስልክ ላይ የሚጫን መተግበሪያ። እኔም በየዕለቱ የምጠቀምበት ስለሆነ መሣሪያውን የምንቅበት ምክንያት የለኝም። የምጽፈው ከዚህ መሣሪያ የወጣ አንድ ቁጥር አንድን ደንበኛ መኪናውን በርካሽ ሊያሸጠው ስለተቃረበበት አጋጣሚ ነው።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል በመተግበሪያ እየተጠራ የታክሲ አገልግሎት የሚሰጥ ሰው የቻይና ሥሪት የሆነች የኤሌክትሪክ መኪናውን ይዞ መጣ። ቀደም ሲል ጠዋት ሞልቶት የሚወጣው ባትሪ እስከ ማታ ያደርሰው እንደነበረ፣ አሁን ግን ከምሳ በኋላ ቻርጅ ለማድረግ እንደሚሰለፍ ነገረን። ከዚያም ስልኩን አውጥቶ አንድ ሌላ ጋራዥ የላከለትን የስክሪን ምስል አሳየኝ። «ኢንጂነር፣ ይህንን ይዩልኝና እውነቱን ይንገሩኝ፤ ባትሪው ሞቷል ተብያለሁ» አለ። በዚያ ጋራዥ የባትሪው ሳጥን ተከፍቶ አንድ ሞጁል፣ ማለትም ባትሪውን ከሚሠሩት ትንንሽ ሴሎች በአንድነት የታሰረ ክፍል፣ መቀየር እንዳለበት ተነግሮት ቅድሚያ ክፍያ ተጠይቋል። ምስሉ እንዴት እንደሆነ ሳይታወቅ ደላላ እጅ ገብቶ፣ ደላላውም በዚያው ምስል ላይ ተመሥርቶ የወረደ ዋጋ አቅርቦለታል። ሰውየው ወደ እኛ የመጣው ሊሸጥ ከወሰነ በኋላ፣ ለኅሊናው ያህል አንድ ጊዜ ብቻ ለማረጋገጥ ብሎ ነበር።

ምስሉ ላይ ከፍተኛው የሴል ቮልቴጅ 3.331፣ ዝቅተኛው 3.119፣ ልዩነታቸው 212 ሚሊቮልት ተብሎ በቀይ ቀለም ተጽፏል። የባትሪው የሙሌት መጠን 58 በመቶ ይላል። ይህ ቁጥር እውነት ቢሆን ኖሮ ያስፈሩት ሰዎች ትክክል በሆኑ ነበር። የመኪናዋ ባትሪ ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባለው ዓይነት ነው፤ የዚህ ዓይነት ሴል ጠባዩ ከዝቅተኛው የሙሌት መጠን ጥቂት ከፍ ካለበት ጀምሮ ሊሞላ እስኪቃረብ ድረስ ቮልቴጁ 3.3 አካባቢ ሆኖ ብዙም ሳይንቀሳቀስ መቆየቱ ነው። መሐል ላይ እያለ አንድ ሴል ከጓደኞቹ በ200 ሚሊቮልት ዝቅ ብሎ ከተገኘ፣ ያ ሴል ወይ ባዶ ሊሆን ተቃርቧል፣ ወይ ውስጡ ተጎድቷል ማለት ነው። እንዲህ ያለ መኪና ደግሞ ዳሽቦርዱ ላይ ማስጠንቀቂያ ሳያበራ፣ ጉልበቱንም ሳይቀንስ በየዕለቱ ታክሲ ሊሠራ አይችልም። የሰውየው መኪና ግን ምንም ዓይነት ማስጠንቀቂያ አላሳየችም።

ጥርጣሬውን ወደ ማስረጃ የለወጠችው በቡድናችን ውስጥ የምትሠራው ወጣት ኤሌክትሪሺያን ናት። እኔ የሴሎቹን ቁጥር ስመለከት እርሷ የምስሉን ግርጌ ታነብ ነበር። «ጋሼ፣ የባትሪው ሦስተኛ የሙቀት ሴንሰር ስንት ይላል?» አለችኝ። ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ይላል። በአዲስ አበባ የክረምት ብርድ ብንማረርም እስከዚህ ድረስ አልደረስንም።

ይህ ቁጥር በዘፈቀደ የመጣ አይደለም። በመኪና መመርመሪያ ቋንቋ የሙቀት መጠን በአብዛኛው የሚላከው ከዜሮ በታች ያለውንም ለመግለጽ እንዲቻል 40 ተደምሮበት ነው፤ ተቀባዩ መተግበሪያ ከመጣው ቁጥር ላይ 40 ቀንሶ ያሳያል። ስለዚህ መኪናው በዚያ ቦታ ላይ ምንም የሚልከው ነገር ከሌለው፣ ወይም መተግበሪያው የሌላ ነገር መልስ የሆነ ዜሮን እንደ ሙቀት ካነበበው፣ ስክሪኑ ላይ የሚወጣው ከዜሮ በታች 40 ይሆናል። በሌላ አነጋገር፣ መተግበሪያው መኪናዋን ምን ምን እንደሚጠይቅና መልሱን እንዴት እንደሚያነብ የሚነግረው፣ በላዩ የተጫነው የጥያቄ ዝርዝር ለዚህች መኪና ሞዴል የተሠራ አልነበረም። ባለመኪናውን ጠይቀን እንደተረዳነው፣ የዚያ ጋራዥ ባለሙያ ዝርዝሩን ያገኘው ከሌላ ሰው በቴሌግራም ተልኮለት ሲሆን፣ የተዘጋጀውም ለዚያው አምራች ሌላ ሞዴል ነበር።

እዚህ ላይ ጥቂት ማብራሪያ ያስፈልጋል። ከመሪው ሥር ያለው ባለ 16 እግር ሶኬት በአሜሪካ ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአዳዲስ አውቶሞቢሎች ላይ ግዴታ የተደረገው የጭስ ልቀትን ለመቆጣጠር ነው። በነዳጅ መኪና ላይ የሞተር ዙርን ወይም የራዲያተርን ሙቀት ለመጠየቅ የሚያገለግለው ጥያቄ ለሁሉም አምራች አንድ የሆነው በዚሁ ምክንያት ነው። ጭስ የሌለው መኪና ግን ይህንን የጋራ ጥያቄ የመመለስ ግዴታ በዚያ ሕግ አልተጣለበትም፤ የሴል ቮልቴጅ፣ የባትሪ ጤንነት፣ የሞጁል ሙቀት በአብዛኛው የሚገኙት እያንዳንዱ አምራች ለራሱ በመደበው አድራሻ ነው። እነዚህን አድራሻዎች አምራቾች አብዛኛውን ጊዜ አያትሟቸውም፤ የመተግበሪያ ሠሪዎችና ትዕግሥተኛ ባለመኪኖች በሙከራ ነው ያገኟቸው። ሙከራቸው የሚደነቅ ነው፤ ሆኖም አንዱን ሞዴል በትክክል የሚያነብ ዝርዝር የወንድሙን ሞዴል ግማሹን በትክክል፣ ግማሹን በስሕተት ሊያነብ ይችላል። የሚያሳስበውም ይኸው ግማሽ ትክክልነቱ ነው፤ ሁሉም ቁጥር ትርጉም የለሽ ቢሆን ማንም አያምነውም ነበር።

ያም ሆኖ የሴሎቹ ቁጥር ራሱ የተሳሳተ አድራሻ ውጤት አልነበረም፤ የሴል ቮልቴጅ መምሰሉም ሆነ መጠኑ ትክክል ነው። ስሕተቱ ያለው በጊዜው ላይ ነው። በርካሽ የሚሸጠው አስማሚ ከመኪናው ጋር የሚነጋገረው በዝግታ ነው፤ ዝርዝሩ ደግሞ ከ100 በላይ የሆኑትን ሴሎች አንድ በአንድ በተራ የሚጠይቅ ነበር። እኛ በዚያው ዓይነት አስማሚ ስንሞክረው አንድ ዙር ለመጨረስ ከ10 ሰከንድ በላይ ወሰደ። መኪናው ቆሞ ከሆነ ይህ ምንም ጉዳት የለውም። በመንገድ ላይ እየሄደ ከሆነ ግን የመጀመሪያው ሴል የሚነበበው ሹፌሩ ነዳጅ መስጫውን ሲረግጥ (ነዳጅ ባይኖርም ስሙ አልቀረም)፣ የመጨረሻው ሴል የሚነበበው እግሩን አንሥቶ ሞተሩ ወደ ባትሪው ኃይል በሚመልስበት ሰከንድ ሊሆን ይችላል። ከረንት በብዛት ሲወጣ የሁሉም ሴሎች ቮልቴጅ ይወርዳል፤ ኃይል ሲመለስ የሁሉም ይወጣል። መተግበሪያው በ10 ሰከንድ ውስጥ ያገኘውን ትንሹን ቁጥር ከትልቁ ላይ ይቀንስና የሴሎች ልዩነት ብሎ ይጽፋል፤ የጻፈው ግን የዳገትና የቁልቁለት ልዩነት ነው። ባለመኪናውም ምስሉ የተነሣው ከባለሙያው ጋር መንገድ ላይ እየሞከሩት ሳለ እንደነበረ አረጋገጠልን።

እኛ ሥራውን እንደገና ከመጀመሪያው ጀመርነው። መኪናዋ ግቢ ውስጥ ቆማ፣ ማቀዝቀዣውና መብራቱ ጠፍቶ፣ ለግማሽ ሰዓት ያህል ካረፈች በኋላ ለሞዴሏ በተዘጋጀው ዝርዝር አነበብናት፤ ከፍተኛው ሴል 3.302፣ ዝቅተኛው 3.297 ቮልት ሆነ። ልዩነቱ 5 ሚሊቮልት ብቻ ነው። ነገር ግን የአይረን ፎስፌት ባትሪ መሐል ላይ ሲያርፍ ደካማውም ጠንካራውም ሴል አንድ ስለሚመስል፣ በዚህ ብቻ ባትሪውን ጤነኛ ማለት ለሰውየው ሌላ ዓይነት ግምት መሸጥ ይሆን ነበር። ስለዚህ ከስድስት ኪሎ ወደ ሽሮ ሜዳ ዳገቱን ይዘን ወጣን። በዚህ ጊዜ መተግበሪያውን ሁሉንም ሴሎች እንዲጠይቅ አላደረግነውም፤ የጠየቅነው ሦስት ነገር ብቻ ነው፤ የባትሪውን ከረንት፣ እንዲሁም የባትሪው መቆጣጠሪያ ራሱ በአንድ ቅጽበት ለክቶ የሚያስቀምጣቸውን የከፍተኛውንና የዝቅተኛውን ሴል ቮልቴጅ። ጥያቄው ሲያንስ መልሱ ይፈጥናል። በዳገቱ ጠንካራ ክፍል ላይ ሁለቱም ሴሎች አብረው ወደ 3.1 ወረዱ፤ በመካከላቸው የነበረው ልዩነት ግን 20 ሚሊቮልትን አላለፈም። ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ስልኩን የሚመለከተው ባለመኪና ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ።

እኔ ግን ገና አልተነፈስኩም፤ ምክንያቱም ሰውየው ከሰዓት በኋላ ቻርጅ ለማድረግ እንደሚሰለፍ የተናገረው እውነት ነው። ባትሪው ደኅና ከሆነ ኃይሉ የት እየሄደ ነው? የስክሪን ምስል የሚያነሱ ሰዎች ብዙ ጊዜ የማያነሱት አንድ ቁጥር አለ፤ እርሱም መኪናው በሜዳ ላይ በእኩል ፍጥነት ሲሄድ ከባትሪው የሚወጣው ኃይል ነው። በቀለበት መንገድ ሜዳማ ክፍል ላይ ወዲያም ወዲህም በ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ነድተን ስንመዘግብ፣ ከዚያው ሞዴል ከሌላ የደንበኛ መኪና መዝገብ ጋር ስናነጻጽረው በግልጽ የበዛ ሆኖ አገኘነው። ማርሹን ወደ ገለልተኛው ስናደርገው ደግሞ መኪናዋ እንደሚጠበቀው አልተንሸራተተችም፤ የሆነ ነገር ይዟት ነበር።

ጋራዥ ስንመለስ መመርመሪያችን ስልክ መሆኑ ቀረና የሙቀት መለኪያ ሆነ። የኋላ ግራው የፍሬን ዲስክ 46 ዲግሪ ሲሆን የኋላ ቀኙ 138 ዲግሪ ነበር። በክሪክ አንሥተን ጎማውን በእጅ ስናዞረው በግድ ነው የዞረው። የፍሬኑን ሸራ ዲስኩ ላይ የሚጫነው ካሊፐር ወደ ውስጥና ወደ ውጭ የሚንሸራተትበት ፒን በዝገትና በጭቃ ተጣብቆ ሸራው ዲስኩን አልለቅ ብሎታል። ይህ በኤሌክትሪክ መኪና ላይ የማይጠበቅ ነገር አይደለም፤ እንዲያውም ከነዳጁ መኪና ይልቅ በእርሱ ላይ ሊበረታ ይችላል። ፍጥነት የሚቀንሰው በአብዛኛው ሞተሩ ወደ ጄኔሬተርነት ተለውጦ ስለሆነ ፍሬኑ የሚሠራው ጥቂት ነው፤ ጥቂት የሚሠራ ፍሬን ደግሞ ራሱን አያጸዳም፣ በአንድ ክረምት ጭቃ ውስጥ በሥራ ብዛት ሳይሆን በሥራ ማጣት ይዝጋል። ፒኖቹ ተፈትተው ተጸዱ፣ በሚቀባቸው ቅባት ተቀቡ፣ የጎማ መሸፈኛቸውና ያለቀው ሸራ ተቀየረ። የከፈለው ከሞጁሉ ቅድሚያ ክፍያ ጋር ሲነጻጸር የሚጠቀስ አልነበረም።

በዚህ አጋጣሚ ስለ ሌላኛው ጋራዥ ያስቆጣኝ የቁጥሩ ስሕተት አይደለም። ያ በየትኛውም ጋራዥ የሚደርስ ነው። ያስቆጣኝ ባለሙያው ምስሉን ካነሣ በኋላ የተመዘገቡትን የብልሽት ኮዶች በሙሉ ማጥፋቱ ነው። ኮድ ሲመዘገብ መኪናው በዚያ ቅጽበት የነበረውን ፍጥነት፣ ቮልቴጅና ሙቀት አብሮ ሊያስቀምጥ ይችላል፤ መተግበሪያው ላይ ያለውን የማጥፊያ ምልክት መጫን ይህንን ሁሉ ይዞ ይሄዳል። ምናልባት የባትሪው መቆጣጠሪያ ስለሴሎቹ አንድም ቅሬታ እንዳልነበረው ያኔውኑ ይታይ ነበር። ከዚህ በኋላ ወደ 400 ቮልት የሚጠጋ ኃይል ያለበትን ሳጥን ለመክፈት መዘጋጀታቸውን ሳስበው፣ ጉዳዩ የገንዘብ ብቻ እንዳልነበረ ይሰማኛል።

አንድ ትርፍ ነገርም ተገኝቷል። ባለመኪናው ከዚያ ምስል በኋላ ሰግቶ የራሱን አስማሚ ገዝቶ ሶኬቱ ላይ ሰክቶ ትቶታል። የሶኬቱ 16ኛ እግር መኪናው ቢጠፋም ከ12 ቮልቱ ትንሽ ባትሪ ኃይል ስለሚያገኝ፣ አስማሚው ሌሊቱን ሙሉ ትንሽ ትንሽ ሲጠባ ያድራል፤ አንዳንዱም የመኪናውን ኮምፒውተሮች እንዳይተኙ ያደርጋቸዋል። ትንሹ ባትሪ 11.9 ቮልት ላይ ነበር። እርሱ ሲደክም ዋናው ባትሪ ሞልቶም ቢሆን፣ ኃይሉን ወደ መኪናው የሚያስተላልፉት ማገናኛዎች ስለማይገናኙ መኪናው አይነሣም፤ ዳሽቦርዱም በማስጠንቀቂያ ይሞላል። ትንሹን ባትሪ ሞላንለት፤ አስማሚውንም ነቅለን በእጁ ሰጠነው፤ ሲያነብ እንዲሰካ፣ ሲጨርስ እንዲነቅል።

በመጨረሻ የቀረው የባትሪው እውነተኛ ሚዛን የሚታይበት ቦታ፣ ማለትም ሙሌቱ መቶ በመቶ ሲደርስ ያለው ንባብ ነበር። ማታውን ግቢያችን ውስጥ እንድትሞላ አደረግን፤ ጠዋት ቻርጁ ሊያበቃ ሲል ልዩነቱ ወደ 50 ሚሊቮልት ከፍ አለ፤ መቆጣጠሪያው ሴሎቹን ሲያመጣጥንና መኪናዋ ስታርፍ ተመልሶ ጠበበ። ለዚህ ዓይነት ባትሪ ጫፍ ላይ እንዲህ መሆኑ የሚያስደነግጥ አይደለም። ኤሌክትሪሺያኗ ከቁጥሩ ጎን የሙሌቱን መጠን፣ የባትሪውን ሙቀት፣ የከረንቱን መጠን፣ መኪናዋ ቆማ ወይም እየሄደች መሆኗን፣ የተጠቀመችበትንም ዝርዝር ስም ጻፈች፤ ዘግይቶ የሚሞላውም 41ኛው ሴል መሆኑን አሰመረችበት። ባለመኪናው «ይህንን ለደላላው ልላክለት?» ብሎ ሲጠይቃት፣ ምስሉን ብቻ ሳይሆን ወረቀቱንም አብሮ እንዲልክ ነገረችው። እስካሁን መኪናውን አልሸጠም፤ በሚቀጥለው ሰርቪስ 41ኛው ሴል በዚያው ሙሌትና በዚያው ሙቀት ተነብቦ ከዚህ ወረቀት ጋር ይነጻጸራል።